ሕንፃዎ ያለ መብራትና ያለ ውሃ ስንት ሰዓት ይዘልቃል? የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ አዘገጃጀት ደረጃ በደረጃ

«የተዘጋጀ ቅጽ ካላችሁ ላኩልን፤ የእኛን ስም እናስገባበታለን።» ሕንፃ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ስለ ሥራ ቀጣይነት ዕቅድ (መብራት፣ ውሃ ወይም ሌላ አገልግሎት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ስለሚደረግ ዝግጅት) ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ግን ቅጽ ማጣት አይደለም። ወፍራም ሰነድ መደርደሪያ ላይ እያለ ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው ላይገኝ ይችላል። ዕቅዱ ሲጠቀለል የሰዓት ሒሳብ ነው፦ ሥራው ያለዚህ አገልግሎት ስንት ሰዓት ይታገሣል? መጠባበቂያው ስንት ሰዓት ይይዛል? እርዳታ ለመድረስስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? አይኤስኦ 22301 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ለማሟላት የሚሠሩ ቢሆኑም መነሻዎ እነዚሁ ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

ከታች ያለው መመሪያ ለቢሮ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመጋዘንና ለመሳሰሉት መካከለኛ ሕንፃዎች የሚሆን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሕንፃው የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር ንድፍ፤ ከሌለ ባዶ ወረቀትና እርሳስ
- ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ አምፔር የሚለካ መሣሪያ)፣ መልቲሜትርና ቴርሞሜትር
- በሊትር የተከፋፈለ የናፍጣ መለኪያ ዘንግ
- ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ውሃ የማያጠፋቸው መለያዎች፤ ለእያንዳንዱ ዋና ቫልቭና ብሬከር አንድ አንድ
- የ7 ተከታታይ ቀናት የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ ጠዋትና ማታ
- ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቀለም ያለው ቦርሳ
- ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ክፍት ፓነል ውስጥ የሚደረገውን ልኬት እሱ ብቻ ይሥራው)

1. ሕንፃውን በእግርዎ ይዙሩ

የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛውን ይዘው ይውጡ። የሌሊት ጥበቃውንም አይርሱት፤ ቢሮ ውስጥ የማይታወቀውን ነገር እሱ ያውቀዋል። መቆም የሌለባቸውን ሥራዎች ይዘርዝሩና እያንዳንዱን ከመጨረሻው ወደ ምንጩ ይከተሉት።

ሰርቨር ክፍሉን እንውሰድ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ተሰክቷል፣ ዩፒኤሱ ከአንድ ቦርድ (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) ይመገባል፣ ቦርዱ ጄኔሬተር ይደርሰዋል። እስከዚህ ደህና ነው። የክፍሉን ማቀዝቀዣ ሲከተሉ ግን ብሬከሩ ጄኔሬተር የማይደርሰው ሌላ ቦርድ ላይ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ክፍሉ ይግላል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርቨሩ በሙቀት ራሱን ያጠፋል። ወጪ የወጣበት ጄኔሬተርና ዩፒኤስ በአንድ ብሬከር ምክንያት ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

በተለይ እነዚህን ይፈልጉ፦

- ናፍጣ ከትልቁ ታንክ ወደ ትንሹ የሚያስተላልፈው ፓምፕ በጄኔሬተሩ ኃይል ይሠራል? ካልሠራ ያለዎት ናፍጣ በትንሹ ታንክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።
- ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ ከየትኛው ቦርድ ይመገባል?
- በየፎቁ ያሉት የኔትወርክ ስዊቾች ዩፒኤስ አላቸው? ከሌላቸው ሰርቨሩ እየሠራም ማንም አይደርስበትም።
- ሁለቱ የኢንተርኔት መስመሮች በአንድ ቦይ ይገባሉ? አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል።
- የጄኔሬተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

2. ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሦስት ሰዓት ይጻፉ

የክፍል ኃላፊዎችን «ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም «በጣም» ይላሉ። «በ1 ሰዓት ምን ይበላሻል? በ4 ሰዓትስ? በ24 ሰዓትስ?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ የማይታገሠው ራሱ ይለያል።

ከዚያ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ይታገሣል፣ ይይዛል፣ እርዳታ ይደርሳል። ለምሳሌ «ሊፍት፦ ይታገሣል 8 ሰዓት፤ መጠባበቂያ የለም፤ ጠጋኝ በ3 ሰዓት ይደርሳል» ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ውስጡ ሰው ካልተያዘ በቀር። «ሰርቨር፦ ይታገሣል 0፤ ዩፒኤስ 20 ደቂቃ፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ጠጋኝ በ3 ሰዓት» ከሆነ ግን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ክፍተት አለ። ክፍተት ሲገኝ ያለዎት ምርጫ አራት ነው፦ መጠባበቂያውን መጨመር፣ ጭነቱን መቀነስ፣ እርዳታውን አስቀድሞ በውል ማቅረብ፣ ወይም የበላይ ኃላፊው «ይህን ክፍተት አውቄ ተቀብያለሁ» ብሎ እንዲፈርም ማድረግ። አራተኛው አሳፋሪ አይደለም፤ አሳፋሪው ክፍተቱ መኖሩን አለማወቅ ነው።

ስለ ዩፒኤስ አንድ ነገር፦ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚቆይበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ፕሪንተርና የማያስፈልግ ስክሪን ከዩፒኤሱ መንቀል አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። አምራቹ የጻፈው ደቂቃ የአዲስ ባትሪ ነው፤ ክፍሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

3. ናፍጣውን ያስሉ

ከጄኔሬተሩ መለያ ሰሌዳ ላይ አይነሱ። ሥራ በበዛበት ሰዓት ጄኔሬተር የሚደርሰውን ቦርድ በክላምፕ ሜትር ያስለኩ። በ400 ቮልት ሦስት ፌዝ 136 አምፔር ከተነበበና ፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ኃይል በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 0.85 ከሆነ፣ 1.73 × 400 × 136 × 0.85 ወደ 80 ኪሎዋት ይሰጣል።

ለዕቅድ፣ መካከለኛ ጭነት ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ናፍጣ ይያዙ፤ የአምራቹ ሠንጠረዥ ካለ እሱን ያስቀድሙ። 80 × 0.3 = 24 ሊትር በሰዓት።

አሁን ታንኩ። 1,000 ሊትር የሚባል ታንክ 1,000 ሊትር አይሰጥም። ለመስፋፊያ ቦታ ስለሚተው 950 ይሞላል እንበል። የመሳቢያ ቱቦው ከወለሉ ከፍ ስለሚል የታችኛው 100 ሊትር አይሳብም። የቀረው 850 ÷ 24 ወደ 35 ሰዓት ነው። «ለሁለት ቀን ይበቃል» ሲባል የቆየው ሕንፃ አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም።

የማዘዣ መስመሩ ከዚህ ይወጣል። አቅራቢው «በ12 ሰዓት አደርሳለሁ» ካለ 24 ብለው ይያዙ፤ መብራት በሰፊው ሲጠፋ አካባቢው ሁሉ ወደ አንድ አቅራቢ ይደውላል። 24 ሰዓት × 24 ሊትር = 576። በዚህ ላይ የማይሳበውን 100 ይጨምሩ፤ ዘንጉ 676 ሲያነብ ይታዘዛል ማለት ነው። እዚያ ላይ ቀይ ምልክት ያድርጉ። ታንኩ ሞልቶ ከተነሳ ቀዩ ላይ የሚደርሱት ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። «ግማሽ ሲደርስ እናዛለን» ቢሉ ኖሮ 500 ላይ የሚቀርዎት 400 ሊትር፣ ማለትም 17 ሰዓት ያልሞላ ነው፤ መኪናው በ24ኛው ሰዓት ቢመጣ ሕንፃው ለ7 ሰዓት ጨልሞ ይቆያል።

የቆመ ናፍጣ ከታች ውሃ ያጠራቅማል፣ በውሃና በናፍጣው መካከል ተሐዋስያን ይራባሉ፣ ዝቃጩ ፊልተር ይደፍናል። የሚደፍነውም ጄኔሬተሩ ረጅም ሰዓት ሠርቶ ታንኩ ሲጎድል ነው፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት። ከታንኩ ታች ያለውን ውሃ በየወሩ ያስወጡ፣ ከ6 እስከ 12 ወር የቆየን ናፍጣ ያስመርምሩ፣ ሁለት ሙሉ የፊልተር ቅያሪ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ያስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ። ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አይነሳም። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫውም ወደ ሕንፃው አይዙር። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ነዳጅ የሚሞላውም ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጄኔሬተርን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ሕንፃው መስመር ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ኃይሉ ወደ ውጭ ተመልሶ መስመር የሚጠግነውን ሰው ይገድላል።

4. ዋናውን ብሬከር አውርደው ይፈትኑ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሸሸው ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም ይኸው ነው። ፓነሉ ላይ ያለውን የመፈተሻ ቁልፍ ተጭኖ ሞተሩ 5 ደቂቃ ሲያጓራ ማዳመጥ ፈተና አይደለም። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ብቻ ያስነሳል፤ ኃይሉን ከመስመር (ከውጭ ከሚመጣው መብራት) ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው አውቶማቲክ ቼንጅኦቨር መሥራቱን አያሳይም። ያለ ጭነት ደጋግሞ ማስነሳት ሞተሩንም ይጎዳል፤ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ናፍጣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ኤንኤፍፒኤ 110 የተባለው የአሜሪካ የመጠባበቂያ ኃይል ደረጃ በየወሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከጄኔሬተሩ አቅም 30 በመቶ ያላነሰ ጭነት ይዞ እንዲሠራ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ሀ. ሰው የማይበዛበትን ቀን ይምረጡና ከ3 ቀን በፊት ያሳውቁ። ክሊኒክ ከሆነ መሣሪያ ላይ ያለ ሕመምተኛ እንደሌለ ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ።

ለ. ሊፍቶቹን ባዶ አድርገው መሬት ፎቅ ላይ ያቁሙ።

ሐ. የማስነሻ ባትሪውን ይለኩ። ቻርጀሩ እንደተሰካ መለካት ያሞኛል፤ የደከመ ባትሪም 13.6 ቮልት ያሳያል። ቻርጀሩን አጥፍተው፣ ባትሪው ካረፈ በኋላ ባለ 12 ቮልቱ 12.6 ገደማ ማንበብ አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ይቀይሩት። ባለ 24 ከሆነ ቁጥሮቹን በሁለት ያባዙ። ጄኔሬተር አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ባትሪ ነው። ልኬቱ ሲያልቅ ቻርጀሩን መልሶ ማብራት አይርሱ፤ ባትሪ አጠገብም እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፣ ሃይድሮጅን ይወጣዋል።

መ. ባለሙያው ዋናውን ብሬከር ያውርድ፤ እርስዎ ሰዓት ይያዙ። ለሰው ሕይወት የሚያገለግል ጭነት በ10 ሰከንድ ውስጥ እንዲመለስ የሚጠየቅበት ሕንፃ ካለዎት የሚታየው እዚህ ነው።

ሠ. አንድ ሰው ጄኔሬተሩ ጋ ይቆይ፤ ሌሎቻችሁ ፎቅ በፎቅ ዞራችሁ ያልተመለሰውን ሁሉ ጻፉ። ይህ ዝርዝር የዕቅዱ እውነተኛ ምዕራፍ ነው።

ረ. ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሠሩት። ቼንጅኦቨሩ መስመር እንደተመለሰ ወዲያው እንዳይዞር 30 ደቂቃ ገደማ እንዲጠብቅ ይስተካከል፤ የሚመጣ የሚሄድ መብራት መሣሪያ ያቃጥላል። ጭነቱ ከወረደ በኋላ ሞተሩ ለ5 ደቂቃ ባዶውን ሠርቶ ይቀዝቅዝ።

5. ውሃ

የቆጣሪ ንባቡ የቀን ፍጆታዎን ይሰጥዎታል። 10,000 ሊትር ታንክ በቀን 12,000 የሚጠጣ ሕንፃን 20 ሰዓት ይይዛል። በየፎቁ አንድ መጸዳጃ ቤት ብቻ ክፍት ቢሆንና ፍጆታው ወደ 5,000 ቢወርድ ደግሞ 48 ሰዓት። የትኞቹ ቫልቮች እንደሚዘጉ አስቀድመው ይወስኑና ቁጥር ይስጧቸው፤ ለመጠጥም ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ለብቻው ያስቀምጡ።

ታንኩ ለእሳት ማጥፊያም የሚያገለግል ከሆነ የእሳቱ ድርሻ አይነካም፤ ከስሌቱም ያውጡት። ድርሻው የሚጠበቀው ለዕለት ፍጆታ የሚሄደው ቧንቧ ከታንኩ የሚወጣው ከእሳቱ ድርሻ ከፍታ በላይ ከሆነ ነው። ከታች ወጥቶ ከሆነ ያሳርሙት።

በመኪና የመጣ ውሃ ወደ ታንክ ከመገልበጡ በፊት ክሎሪኑ ይለካ፤ ነፃ ክሎሪኑ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ካልደረሰ ለመጠጥ አይደለም። ሕንፃው ለቀናት ተዘግቶ ሲከፈት ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው የቆመውን ውሃ ያፍስሱ፤ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል። ሻወሩን ሲያፈስሱ ጭንቅላቱን ይንቀሉት፣ ብናኙን እንዳይተነፍሱት።

ቧንቧ ሲፈነዳ የሚያድነው ቫልቩን ማግኘት ነው። የሌሊት ተረኛውን «የ3ኛ ፎቅን ውሃ ዝጋ» ብለው ሰዓት ይያዙ። ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት መለያው አይታይም ወይም ቫልቩ ዝጎ አልዞር ብሏል።

6. ሙቀትና ቅዝቃዜ

ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። በደረጃ 4 ፈተና ላይ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው በየ2 ደቂቃው ሙቀቱን ይመዝግቡ፤ 32 ዲግሪ ላይ ያቁሙት። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሲታወቅ ሰርቨሮቹን ማጥፋት የሚጀመርበት ሰዓትም ታወቀ።

ያልተከፈተ የምግብ ፍሪጅ 4 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሽ የሆነ 24። ለክትባት ግን ይህ አይሠራም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየቱን መዝጋቢ ቴርሞሜትር ይመስክር።

7. ሰዎቹ

የድንገተኛ መብራቶችን በየወሩ ለ30 ሰከንድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ይፈትኑ። የወሩ ፈተና አምፖሉን ብቻ ያሳያል፤ ባትሪው መድከሙን የሚያጋልጠው የዓመቱ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚቆለፉ በሮችን አንድ በአንድ ይለዩ፦ ኃይል ሲጠፋ የሚከፈተው የትኛው ነው፣ ተቆልፎ የሚቀረውስ? የመውጫ በር ያለ ቁልፍና ያለ ካርድ ከውስጥ መከፈት አለበት። የገንዘብና የመድኃኒት ክፍል በአንጻሩ ክፍቱን እንዳይቀር።

ማስጠንቀቂያ። ሊፍት ውስጥ ሰው ሲያዝ በሩን በብረት አይፈልቅቁ። ካቢኑ በሁለት ፎቅ መካከል ከቆመ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ወደ ጉድጓዱ ሊወድቅ ይችላል። በድምፅ ያረጋጉ፣ ሰዓት መያዝ ይጀምሩ፣ የሠለጠነ ሰው ይጥሩ።

8. ካርድ ይጻፉ፤ ውሳኔ ሰጪውን ይሰይሙ

ለእያንዳንዱ አደጋ አንድ ገጽ ካርድ ይበቃል። የመብራቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«0–1 ደቂቃ፦ ጄኔሬተሩ ተነሳ? አዎ ከሆነ ሊፍቶችን ፈትሽ። 2 ደቂቃ፦ ካልተነሳ አንድ ጊዜ በእጅ ሞክር። 5 ደቂቃ፦ ለጥገና ተረኛ ደውል። 10 ደቂቃ፦ ካልተነሳ ሰርቨር ማጥፋት ይጀመር፤ ፈቃድ አትጠብቅ። በየ2 ሰዓቱ፦ ዘንጉን አንብብ፣ ጻፍ። ቀዩ ላይ ሲደርስ፦ ናፍጣ እዘዝ፤ ፈቃድ አትጠብቅ።»

«ፈቃድ አትጠብቅ» የሚለው ቃል የካርዱ ነፍስ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያለ ተረኛ ኃላፊውን መቀስቀስ እየፈራ 2 ሰዓት ያባክናል። ለውሳኔ ሰጪው ሁለት ተተኪ ይሰይሙ።

ካርዶቹ፣ የስልክ ዝርዝሩ፣ የቫልቭና የብሬከር ንድፉ በወረቀት ታትመው ደማቁ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፤ ከእጅ ባትሪ፣ ከትርፍ ድንጋይ፣ ከቁልፎች ቅጂ፣ ከፓወር ባንክ፣ ከመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ከደብተርና ከእርሳስ ጋር። አንዱ ቦርሳ ጥበቃ ቤት፣ ሌላው ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። እሳት ሲነሳ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቦርሳ የሚያመጣ ሰው አይኖርም።

9. ይለማመዱ

በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ተረኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡና መብራት ጠፋ ይበሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ «ኃላፊው ስልክ አያነሱም» ይበሉ፣ ቀጥሎ «የናፍጣ መኪናው መንገድ ተዘግቶበታል»። መልስ የጠፋበትን ቦታ ይጻፉና ለእያንዳንዱ የሚያስተካክል ሰውና ቀን ያስቀምጡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ዕቅዱ ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ጠፍቷል።
- የስልክ ዝርዝሩ የለቀቁ ሰዎችን ይዟል። በየ3 ወሩ እያንዳንዱን ቁጥር ደውለው ያረጋግጡ፤ በዓይን ማየት አይበቃም።
- ከፈተና በኋላ የጄኔሬተሩ መምረጫ «ኦፍ» ላይ ይቀራል። «አውቶ» ላይ መመለሱን ሁለት ሰው አይቶ ይፈርም።
- ጄኔሬተሩ ጭነቱን እንደያዘ እያንዳንዱ ክፍል የቡና ማፍያና የክፍል ማሞቂያ ይሰካል። የጄኔሬተር ሶኬቶችን በቀለም ይለዩ።
- መስመር ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበራል። ሦስቱም ፌዝ መኖሩና ቮልቴጁ ትክክል መሆኑ ከታየ በኋላ ትልልቅ ሞተሮች በየተራ ይነሱ፤ አንድ ፌዝ የጎደለበት ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።
- መብራት ስለመጣ ናፍጣ መሙላት ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ታንኩ በዚያው ቀን ይሞላ፣ የዘንጉ ንባብም ደብተሩ ላይ ይጻፍ።